ከዜሮ እስከ ዐሥር ምን ያህል ደክመዋል?

በዚህ በአማርኛችን ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ቅሬታዬን የሚቀበል ቢሮ ስላላገኘሁ ለእናንተ ላቅርበው። «ደክሞዎታል» እና «ደክመዋል» የሚባሉ ሁለት ቃላት ለምን ጎረቤት ሆኑ? ሲጻፉ እንኳን ለቸኮለ ሰው፣ መነጽር ላደረገም ይምታታሉ። ትርጉማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። «ደክሞዎታል» የሚባለው ድካም ቁጭ ብለው ውኃ ሲጎነጩ ይለቃል። «ደክመዋል» የተባሉ ሽማግሌ ግን በእኛ አገር ዘመድ ይሰበሰብላቸዋል፤ የንስሐ አባት ይጠራላቸዋል፤ የመሬታቸው ነገር በሹክሹክታ ይነሣል። እንግዲህ ልጃቸውን እንዲድሩልኝ የምለምናቸውን ሰው፣ በመንደራቸው ሰው ሁሉ ፊት፣ የጠየቅኳቸው የትኛውን እንደሆነ ገምቱ።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። የምሠራው ደብረ ታቦር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በአንድ ዶክተር ሥር ነው። ከሌላ ክልል የመጣ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ፣ ደግ ሰው ነው። አንድ አመል ግን አለበት። ሌላው ወንድ ኳስ ሲወድ እሱ የሰው ወገብ ይወዳል። ጆንያ የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ ካየ ባጃጅ አስቁሞ ይወርድና «ወንድሜ፣ የቱ ጋ ነው የሚጫንህ?» ይላል። ተሸካሚው ደግሞ ሊያግዘው የወረደ እየመሰለው «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ጆንያውን ያሸክመዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ዶክተር ዘንድሮ የገበሬውን ድካም ካልለካሁ አለ። ድካም ደግሞ በምን ይለካል? በሚዛን አይመዘን፣ በቁና አይሰፈር! እሱ ግን መላ አለው። ድካሙን የሚያውቀው ባለቤቱ ስለሆነ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ዜሮ ማለት ምንም ድካም የለብኝም ነው። ዐሥር ማለት ደግሞ ከዚህ በኋላ አንድ ነዶ ብትጨምሩብኝ እዚሁ ቅበሩኝ ማለት ነው። ሰውዬው በመካከል ያለውን ቁጥር ይጠራል፤ አንተ ትጽፋለህ። እውነቴን ነው፣ ብልሃቱ ገርሞኝ ነበር።

መጠይቁን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስመልስ ታዲያ አንዱ ጆሮዬ ስልክ ላይ ነበር። በስልኩ ውስጥ ደግሞ ማስተዋል ነበረች። ማስተዋል ከተማው ውስጥ አስተማሪ ናት፤ እጮኛዬ ናት እንዳልል አባቷ ገና እሺ አላሉም። ስሟ ማስተዋል መሆኑን ሳስብና እኔን መምረጧን ሳይ፣ ስም ምን ያደርጋል እላለሁ። የዚያን ቀን የምንነጋገረው እሑድ ስለሚላኩት ሽማግሌዎች ነበር። «አጎትህ ጋሽ ባዩ ይቅሩብን፤ ጉራቸው ከባድ ነው» ትላለች። «ጋሽ ባዩ ካልሄዱ ይቀየሙኛል» እላለሁ። ይህን እየተባባልን «ደክሞዎታል» የነበረው ቃል «ደክመዋል» ሆኖ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ዶክተሩ ሲያርም አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመረልኝና «ግሩም ነው!» አለ።

እሑድ ቀላል እሑድ አልነበረችም። ማስተዋል «ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ የይፋግ ነጋዴ፣ የራሱ የጭነት መኪና ያለው፣ እሱም ሽማግሌ ሊልክ ቀን አስቆርጧል። አባቷ ለአንዳችን እሺ ካሉ ሠርጉ በጥር ነው። ለእኔ ካላሉ ደግሞ ጥር ለእኔ ዝም ብሎ ብርድ ነው።

በወጉ መሠረት ሽማግሌ ሳይገባ አማች ነኝ ባይ በአማቱ ዓይን ሥር አይዞርም። እኔም አባቷን አይቻቸው አላውቅም፤ ለማየትም አልቸኮልኩም። ታዲያ ዶክተሩ ቀበሌዎቹን ለእኛ ለረዳቶቹ በዕጣ ሲያከፋፍል ለእኔ የደረሰኝ የትኛው ይመስላችኋል? ከጉና ተራራ ሥር ያለው የማስተዋል አገር!

«እባክህ እብናት ስደደኝ» አልኩት። «ሙቀቱን እችላለሁ፤ ቆላ እወዳለሁ።»

«ዕጣ ሳይንስ ነው» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት የሳይንስ ነገር ሆነብኝና ሄድኩ። ስንዴ የሚታጨድበት ጊዜ ነው። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ስል አንድ ትልቅ ማሳ ላይ ደቦ ወጥቶ አገሩ በዘፈን ይናወጣል። ከዳር ቆሜ «እግዜር ያበርታችሁ!» አልኩ።

«አብሮ ያበርታን!» አሉ በአንድ ድምፅ። «አሜን» አልኩ እኔም።

ማጭዳቸውን ለመሳል አረፍ ሲሉ ጠብቄ ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ የቀረበኝ ዘፈን የሚያወጣላቸው ጌጡ የሚባል ጎልማሳ ነበር። አፉ ከማጭዱ የሰላ ነው። ምን ያህል ደክሞሃል ስለው «ዜሮ» አለኝ። ቀጣዩ «ዜሮ»። ሦስተኛው መሬት ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ደረቱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ «ዜሮ ጻፍ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ተኛህ?»

«ማጭዴ ዶልዱሞ ነው።»

ጌጡ ጎተት አደረገኝና በጆሮዬ «ወንድሜ፣ ደቦ ላይ ያ ቃል አይጠራም» አለኝ።

«የቱ ቃል?»

«እኔን ልታስጠራኝ ነው እንዴ? የጠራው ሰው ጉዱ ይፈላል!»

ለካ በዚያ ማሳ ላይ ሰው ሁሉ የሚደክመው በሌላ ስም ኖሯል። ማጭድ ይዶለድማል፤ ጥም ይመጣል፤ በረባሶ ውስጥ ጠጠር ይገባል። ጠጠር የገባበት ሰው ቁጭ ብሎ ጠጠሩን ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ማንም ምንም አይለውም። ያቺን አንዲት ቃል ግን ከአፉ ካወጣ አለቀለት። ጌጡ ይኸው ግጥም አለን ብሎ ለቀቀልኝ፦

*ደከመኝ ያለ ሰው ከእርሻ ላይ ምን ሠራ፣*
*ይሂድ ከቤት ይዋል ከጫጩቶች ጋራ!*

ቁጥሩ ቢያቅተኝ ወደ ሥዕሉ ዞርኩ። መጠይቁ ላይ የሰው ገላ በፊትና በጀርባ ተሥሏል፤ ያመመህን ቦታ ትጠቁማለህ። ሥዕሉን ሳወጣ ሁሉም ተሰበሰቡ።

«ይኼ ሰውዬ በጾም ራቁቱን ምን ይሠራል?» አለ አንዱ።

«ፊትስ የለውም እንዴ?»

«አፍሮ ነዋ! አንተ እንዲህ ሆነህ ብትሣል ፊትህን ታሳይ ነበር?»

«ከደቦ ቀርቶ ገፈውት ይሆናል» ብሎ ጌጡ ፈረደበት። ከዚያ በኋላ ስለ ወገባቸው የነገረኝ የለም፤ ሁሉም ለሰውዬው አዘኑ።

እንዲህ ስንሳሳቅ ከማሳው ወዲያ ጫፍ አንድ ጠና ያሉ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ የታጠቁ ሰው መጡ። «ምንድን ነው እሱ ወረቀት?» አሉ።

«አያ ጥጋቡ፣ ድካም ሊጽፍ የመጣ ነው» አለ ጌጡ።

አያ ጥጋቡ! የማስተዋል አባት! መንደሩ መንደራቸው እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ማሳው ማሳቸው፣ ደቦው ደቦአቸው መሆኑን ግን ማን ነገረኝ? እኔን አያውቁኝም፤ እሱ አንድ ደስታ ነው።

«ጠይቀኛ!» አሉ።

ወጣቶቹን በቃሌ ስለጠየቅኩ የወረቀቱ ስሕተት እስካሁን አልታየም። አሁን ግን ፍርሃት ቃሌን ስላጠፋብኝ ወረቀቱን እንደ ዳዊት አነበነብኩት። «አባቴ፣ ከዜሮ እስከ ዐሥር ባለው ልክ፣ በአሁኑ ጊዜ፣ ምን ያህል ደክመዋል?»

ማጭድ የሚስል እጅ ሁሉ ቆመ።

«ማን ነው ደክመዋል ያለህ?»

«ኧረ ወረቀቱ ነው…»

«ወረቀት የት ያውቀኛል!» አሉና ድንገት ዓይናቸው በራ። «ገባኝ! እሑድ ሽማግሌ እንልካለን ያሉት ከተሜዎች ናቸው የላኩህ! ሰውዬው ደክሞ እንደሆነ እይልን፤ ከደከመ ልጁን በትንሽ ጥሎሽ ይለቃታል ብለው ነው!»

«አይ አባቴ፣ በእመቤቴ!»

«ለዚያ ለልጁ ንገረው! ጥጋቡ አልደከመም በለው!»

«እነግረዋለሁ።»

«ዛሬውኑ!»

«ዛሬውኑ ይሰማል» አልኩ። ምን ልበል?

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። እሳቸው ግን ማጭድ አስጨበጡኝ። «አብሮ ያበርታን ብለንሃል፤ አሜን ብለሃል። ከጎኔ ግባ። ማን እንደደከመ አገር ይየው።»

እኔ ከዚያ በፊት ያጨድኩት ነገር ቢኖር የትምህርት ቤት ግቢ ሣር ነው፤ እሱንም አርፍጄ ተቀጥቼ። ጎንበስ ስል ዜሮ ነበርኩ። ትንሽ ሄድ እንዳልኩ ሦስት ሆንኩ። አምስት ላይ ወገብ እንዳለኝ ዐወቅኩ፤ ሰው ወገቡን የሚያውቀው ሲያመው ነው። ሰባት ላይ እናቴን ጠራሁ። ዘጠኝ ላይ ቅዱስ ሚካኤልን፣ ቅዱስ ገብርኤልን፣ ከዚያም ስማቸውን የማላውቃቸውን። ዐሥርን ካለፍኩ በኋላ ዶክተሩ ቁጥር አላዘጋጀልኝም።

አያ ጥጋቡ ከጎኔ ስንዴውን ይጠርጉታል። ብቻ አንድ ነገር አየሁ። ትልሙ ባለቀ ቁጥር ቀና ብለው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ ጉናን ያያሉ። «ደመና ይዟል?» ይላሉ። አንዲት የደመና ፍንጣሪ የለም። ጌጡ በኋላዬ ሆኖ «በየዓመቱ ወንዛዬ ይወርዳሉ፤ ዘመድ ልጠይቅ ነው ይላሉ» ብሎ ሹክ አለኝ። «ታዲያ ዘመዱን የሚጠይቁት ፍል ውኃው ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው ነው።»

ልስቅ አፌን ከፈትኩ። በተከፈተው አፍ ግን ሳቁ አልወጣም። «ደከመኝ!» የሚል ቃል ወጣ። ያውም ጮኾ።

ወይ ጉዴ! ዘፈኑ ቆመ። ከዚያ ሆታ ሆነ። የአገሩ ሕግ ነው አሉ፤ በማሳ ላይ ያን ቃል የጠራ በገለባ ገመድ እንደ ነዶ ይታሠራል፤ ዋስ ካልጠራም አይፈታም። ረጅም ረጅሙን ጭድ ገምደው ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ ጠቀለሉኝና ከነዶዎቹ መካከል አቆሙኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? መቆም እንጂ መጎንበስ ስለሌለው ደስ ብሎኝ ነበር።

«ዋስ ጥራ! የማን ልጅ ነህ?» አለ ጌጡ።

የአባቴን ስም ብጠራ አያ ጥጋቡ ያውቁታል፤ ሽማግሌ የሚልከው ቤት ተነግሯቸዋል። ልጅህን ስጠኝ የሚላቸው ሰው ይኸው ጭድ ለብሶ ቆሟል ማለት ነው። «ዋስ የለኝም» አልኩ።

«ዋስ የሌለው ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ግብር ሰብሳቢ» አለ ጌጡ፤ ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

በዚህ መካከል ሴቶቹ ምሳና ጠላ ይዘው ብቅ አሉ። ከፊት የማስተዋል እናት እትዬ ስንዱ፤ ከኋላቸው ደግሞ የጠላ ገምቦ የተሸከመች… ትምህርት ቤት ናት ብዬ የምምልላት ማስተዋል! ለደቦው ብላ አስፈቅዳ መጥታለች። አየችኝ። መጀመሪያ ገምቦውን አወረደች፤ ጎበዝ ልጅ ናት። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? ታውቂዋለሽ እንዴ?» አሏት አባቷ።

አላውቀውም ማለት ትችል ነበር። አላውቀውም ብትል እኔም ለደግ ነው ብዬ እዚያው ነዶ ሆኜ እወቃ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ዋሱ እኔ ነኝ» አለች።

ያልተዳረች ልጅ በመንደር ሰው ፊት ለወንድ ዋስ ስትሆን ማንም ማብራሪያ አይፈልግም። እትዬ ስንዱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አያ ጥጋቡ ከትከሻዬ ጭድ እስከ ጉልበቴ ጭድ አዩኝ።

«ለልጁ ንገረው ያልኩህን ነገርከው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰምቷል፣ አባቴ።»

ማጭዳቸውን አነሡ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ገመዱን ቆረጡልኝና «እሑድ» አሉ። ሌላ ቃል የለም። ትልማቸው ላይ ተመለሱ። እሑድ ምን? እሑድ እሺ? እሑድ እንዳላይህ? ማስተዋልም አላወቀችው፤ እናቷም አላወቁት።

በማግስቱ ወረቀቶቹን ለዶክተሩ ሰጠሁት። «ሁሉም ዜሮ!» ብሎ ደነገጠ። «ይህ አንዱ ከዐሥር በላይ ያለው ማን ነው?»

«እኔ።»

ደስታውን አትጠይቁኝ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ወገቤን ሲጠይቀኝ ዋለ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ በጋሽ ባዩ መሪነት። የሐሙሱን ነገር አልነገርኳቸውም። በየትኛው አፌ ልንገራቸው? «ነዶ ሆኜ ነበር» ይባላል? ቤት መቀመጥ ግን አልቻልኩምና ወጉን ጥሼ ተከትዬ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሲቀመጡ እኔ ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። ቆምኩ ስላችሁ ተደገፍኩ ማለቴ ነው፤ ከሐሙስ ወዲህ ያለ ድጋፍ መቆም ትቻለሁ።

ሰላምታው አለቀ፤ የዘር ቆጠራው አለቀ። አያ ጥጋቡ «ልጃችሁ ሥራ ላይ እንዴት ነው?» አሉ።

ጋሽ ባዩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ማስተዋል የፈራችው ነገር መጣ አልኩ። «በሬ ነው! ድካም የሚባል ነገር አያውቅም!»

«አንድ ቀንም ደከመኝ ብሎ አያውቅም?»

«ከተወለደ ጀምሮ!»

«እንግዲያ እኔ የማውቀው ልጅ አይደለም» አሉ አያ ጥጋቡ። «የይፋጉ ነጋዴ ሽማግሌዎችም ትናንት መጥተው ይህንኑ ነው ያሉኝ። እሱም አይደክመውም። አገሩ ሁሉ አይደክመው! እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያን ቃል ሳልናገር ኖርኩ። ምን አተረፍኩ? ወገቤ ሲቆረጥ ይቺ ሴት በግምት ነው የምታሸኝ። ቀኙን ሲያመኝ ግራውን ታሻለች፤ እኔም ዝም እላለሁ።»

«ውይ!» አሉ እትዬ ስንዱ ከደጃፉ። «ግራው አይደለም እንዴ? ይኼን ሁሉ ዘመን?»

«ልጄ ባሏን በግምት እንድታሽ አልፈልግም። ሐሙስ ዕለት ያየሁት ልጅ ቢሆን እሰጥ ነበር። ይህን ድካም የማያውቀውን ግን ይዛችሁ ሂዱ።»

ጋሽ ባዩ፣ አያ ጥጋቡ እየፈተኑኝ ነው ብለው መሰለኝ፣ ጭራሽ ባሰባቸው። «ኧረ ጌታዬ፣ ጉናን በጀርባው አዝሎ ቢወጣ ላብ ጠብ አይለውም!»

እጄ ውስጥ ገብታ የነበረች ልጅ በአጎቴ ጉራ ልታመልጠኝ ነው! ወጉም ይጥፋ፣ ይሉኝታም ገደል ይግባ ብዬ፣ አጥሩን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ባለ በሌለ ድምፄ «ደከመኝ!» አልኩ። «ኧረ ደክሞኛል! ወገቤን! ቀኙን! ግራውንም!»

የጋሽ ባዩ ምርኩዝ ሲወድቅ ይሰማል።

«እሱ ነው!» አሉ አያ ጥጋቡ፤ ድምፃቸው በሳቅ ተሞልቶ። «ይኼ የእኔ ልጅ ነው! ግባ በሉት!»

«ቶሎ አስገቡት» አሉ እትዬ ስንዱ፤ «ተደግፎ አጥሩን ሊጥለው ነው!»

ማስተዋል በሩን ልትከፍት ሮጠች። እኔ ግን እሷን አልጠበቅኩም፤ ከነአጥሩ ገባሁ።